ጨረቃን በጄሶና በሸራ የሠራው ሰው

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከተዘጋጁት ትርኢቶች አንዱ «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተባለው የ1902 የፈረንሳይ ፊልም ነበረ። ርዝመቱ 14 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ድምፅም የለውም። ጨረቃይቱ እንደ ሰው ዓይን፥ አፍንጫና አፍ ኖሯት ወደኛ እየቀረበች ስትመጣ፥ ከምድር የተተኮሰው መንኮራኩርም ሄዶ ዓይኗ ውስጥ ሲሰካ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የሳቁት ትንንሾቹ ብቻ አይደሉም፤ እኛም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስቀናል።

መብራቱ ሲበራ ግን አንድ ጥያቄ በመካከላችን ተነሣ። የራይት ወንድማማቾች እንኳ ገና በሞተር ባልበረሩበት ዓመት እነዚያ ሰዎች ጨረቃን እንዴት አድርገው ወደ ካሜራው አመጧት? ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ከራሳችን እናውቃለን። በገና ትያትራችን የሰብአ ሰገልን ኮከብ በሽቦ ስንጎትት ኮከቡ መካከል ላይ ተይዞ ስለ ቀረ፥ ሰብአ ሰገል መሪያቸውን ወደ ኋላ ትተው ወደ ቤተ ልሔም ለመግባት ተገደው ነበር። ስለዚህ የፊልሙን ሠሪ የዦርዥ ሜሊየስን ሕይወት ፈልገን ያገኘነውን እዚህ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዦርዥ ሜሊየስ ዲሴምበር 8 ቀን 1861 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሉዊ ሜሊየስ በጫማ ሠሪነት ሊተዳደር ከገጠር ወደ ፓሪስ የመጣ ሰው ነበረ፤ እናቱ ደግሞ ለሆላንድ ቤተ መንግሥት ጫማ ይሠራ የነበረ ሰው ልጅ ነበረች። ሁለቱም በአንድ የጫማ ፋብሪካ ሲሠሩ ተዋውቀው ተጋቡ፤ በትጋታቸውም የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቁመው ለሀብታሞች የሚሆን ውድ ቦት ጫማ እየሠሩ ባለጸጎች ሆኑ። እንግዲህ ልጁ በአባቱም በእናቱም ወገን የጫማ ሠሪ ዘር ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ዦርዥ ለወላጆቹ ሦስተኛ ወንድ ልጅ ነበረ። በፓሪስ ከታወቁት ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በሉዊ ለ ግራን ገብቶ የሚገባውን ሁሉ ተማረ፤ ሆኖም ደብተሮቹና መጻሕፍቱ በመምህራንና በጓደኞቹ ሥዕል የተሞሉ ስለ ነበሩ ብዙ ጊዜ ተቀጥቶበታል። ገና በ10 ዓመቱ ከካርቶን የአሻንጉሊት ትያትር ሠርቶ ነበር። ትምህርቱን በ1880 ፈጽሞ ወታደራዊ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ፥ እንግሊዝኛ እንዲያሻሽል ብሎ አባቱ በ1884 ወደ ሎንዶን ላከው። በዚያም «የግብፅ አዳራሽ» በተባለው ቤት ማስክሊን የተባለው ታላቅ ምትሐተኛ ሰው ሲሰውርና በአየር ላይ ሲያንሳፍፍ አየ። አባቱ ለቋንቋና ለንግድ የላከው ልጅ ምትሐት ተምሮ ተመለሰ።

ወደ ፓሪስ ሲመለስ ምኞቱ የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት ነበር። አባቱ ግን ሥዕል እንጀራ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረምና ፈቃዱን ከለከለው። ዦርዥም በፋብሪካው የጫማ መስፊያ መኪናዎች ተቈጣጣሪ ሆኖ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት፥ በ1885፥ ኤዥኒ ዤነን የምትባል ሴት አገባ። ይህን ዘመን እንደ ባከነ ጊዜ የሚቈጥር ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ መኪና ሲሰበር ፈትቶ መጠገንን የተማረው በዚያ ነውና።

በ1888 አባቱ ሥራውን ለልጆቹ ለቀቀ። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞች ፋብሪካውን ሲወርሱ ዦርዥ ድርሻውን ለነሱ ሸጦ፥ ሚስቱ ይዛው የመጣችውንም ገንዘብ ጨምሮ የሮቤር ኡደንን ትያትር ቤት ገዛ። ሮቤር ኡደን በሙያው ሰዓት ሠሪ የነበረ የፈረንሳይ ዝነኛ ምትሐተኛ ነው። ትያትር ቤቱ ትንሽ ቢሆንም በወለሉ ሥር በሚከፈቱና በሚዘጉ በሮች፥ በመዘውሮችና በተሰወሩ ገመዶች የተሞላ ነበረ። ሜሊየስ በዚያ ወደ 30 የሚጠጉ አዳዲስ የምትሐት ትርኢቶች ፈለሰፈ፤ የሚጫወተውም፥ የሚያስጠናውም፥ ሸራውን የሚቀባውም ራሱ ነበረ።

ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚየር ወንድማማቾች ሲኒማ በፓሪስ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ለሕዝብ ታየ። ሜሊየስ ከተጋበዙት አንዱ ነበረ። በሸራው ላይ የቆመ የከተማ ሥዕል ሲያይ ለዚህ ነው ወይ የተጠራሁት ብሎ ሊያጉረመርም ጥቂት ቀርቶት ሳለ፥ በሥዕሉ ውስጥ የነበረው ፈረስ ጋሪውን እየጎተተ መራመድ ጀመረ። ትርኢቱ እንዳለቀ ወደ ወንድማማቾቹ አባት ወደ አንቷን ሉሚየር ሄዶ ለመኪናው 10,000 ፍራንክ እሰጣለሁ ቢል ሽማግሌው እንቢ አለው። ከሱ የበለጠ የሰጡ ሌሎች ሰዎችም እንዲሁ ሳይሳካላቸው ቀሩ።

ሜሊየስ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ1896 መጀመሪያ ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ሮበርት ፖል ከተባለ የመሣሪያ ሠሪ የፊልም ማሳያ መኪና ገዛ፤ ወደ ፓሪስ ወስዶም ፈታታውና አሠራሩን ካጠና በኋላ ማሳያውን ወደ ማንሻ ለወጠው። ከጫማ መኪናዎች ጋር ያሳለፈው ጊዜ እዚህ ላይ ዋጋውን ከፈለ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ፊልሙን፥ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎችን፥ አነሣ። ይህ ሉሚየሮች ያነሡትን መከተል ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ሜሊየስ ራሱ ሲተርክ የኖረው ታሪክ አለ። አንድ ቀን በፓሪስ በኦፔራ አደባባይ መንገዱን ፊልም ሲያነሣ መኪናው ተያዘበት። ጥቂት ታግሎ አስተካክሎት ማንሣቱን ቀጠለ። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ የነበረው በድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆነ፤ ወንዶቹም ሴቶች ሆኑ። መኪናው በቆመበት ጊዜ መንገዱ አልቆመም ነበርና። ታሪኩ እውነት ይሁን ወይም የምትሐተኛ ጨዋታ፥ በ1896 ሴትዮይቱን ከወንበር ላይ ሰውሮ አጽም ያስቀመጠበት ፊልም በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው። በትያትር ቤቱ ይህን ለማድረግ የወለል በር ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ካሜራውን ማቆም ብቻ በቃ።

በፓሪስ አጠገብ በሞንትረይ በሚገኘው የቤተሰቡ ርስት ላይ ግድግዳውም ጣራውም መስታወት የሆነ ቤት አሠራ። በመጀመሪያ 17 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ነበረው፤ በውስጡም የሮቤር ኡደንን ትያትር የመሰለ መድረክ ከወለል በሮቹና ከመዘውሮቹ ጋር ነበረበት። ቤቱን የመስታወት ያደረገው ለውበት አይደለም። በዚያ ዘመን ፊልም የሚነሣው በፀሐይ ብርሃን ስለ ነበረ ነው። ደመና ሲመጣ ሥራ ይቆማል፤ ንጉሡም ወታደሩም ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ተቀምጠው ሰማዩን ይጠብቃሉ። ደግሞም የዚያን ጊዜ ፊልም ቀይን ጥቁር፥ ሰማያዊን ነጭ እያደረገ ስለሚያሳይ፥ የመድረኩ ሥዕልና ልብሱ ሁሉ የሚቀባው በግራጫ ቀለም ነበር። ጎብኚ ቢገባ አመድ የተነፋበት ዓለም በመሰለው ነበር።

በዚህ ቤት ውስጥ ሜሊየስ ሌላም ጥበብ አገኘ። ከጥቁር መጋረጃ ፊት ለፊት የተነሣ ፊልም ጥቁሩ ክፍል ባዶ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ ፊልሙን ወደ ኋላ ጠቅልሎ በባዶው ቦታ ሌላ ነገር ማንሣት ይቻላል። በ1898 የራሱን ጭንቅላት እየነቀለ በጠረጴዛ ላይ ሲደረድር ታየ። በ1900 ደግሞ አንዱን ፊልም ሰባት ጊዜ መላልሶ በማንሣት ሰባት ሜሊየሶች ባንድነት ሙዚቃ ሲጫወቱ አሳየ። በስድስተኛው ጊዜ አንድ ስሕተት ቢፈጠር የቀደመው ድካም ሁሉ ከንቱ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ባንድ ወረቀት ላይ ቀለም ፈሶብን የሒሳብ ፈተና እንደገና የጻፍን ተማሪዎች ይህን እንረዳለን።

አሁን ወደ ጨረቃው እንምጣ። ሜሊየስ ይህን ሥራ በ1902 ሲጀምር ዡል ቬርን ሰዎችን በመድፍ ወደ ጨረቃ ስለ መተኮስ የጻፈውን የ1865 መጽሐፍ ያውቀው ነበር፤ የእንግሊዛዊው የኤች. ጂ. ዌልስ ስለ ጨረቃ ነዋሪዎች የተጻፈ መጽሐፍም ገና ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎሙ ነበረ። ከቬርን መድፉን፥ ከዌልስ የጨረቃን ሰዎች ወሰደ፤ ሳቁ ግን የራሱ ነው። የእሱ ሊቃውንት የጠንቋይ ቆብ ደፍተው ይከራከራሉ፥ መነጽራቸው በእጃቸው ላይ ወደ በርጩማ ይለወጣል፥ ወደ ሰማይም የሚሄዱት ጃንጥላ ይዘው ነው። የሊቃውንቱ አለቃ ሆኖ የተጫወተውም ራሱ ሜሊየስ ነው።

ሥራው ሦስት ወር ያህል ፈጀ፤ ወጪውም 10,000 ፍራንክ ገደማ ሆነ። ያም ከሰባት ዓመት በፊት ለሉሚየር መኪና ሊከፍል ያሰበውን ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ ወጪ የሚበዛው የጨረቃ ሰዎች አልባሳትና የመድረኩ ሥራ ነበር። የጨረቃ ሰዎችን ራስ፥ እግርና የጉልበት ሽፋን ሜሊየስ በመጀመሪያ በእጁ ከሸክላ አበጀ፤ ከዚያም በጄሶ ቅርጹን አወጣ፤ ጭምብል ሠሪ ደግሞ በዚያ ቅርጽ ብዙ የካርቶን ጭምብል አተመ። ገደሉ፥ ዋሻውና ግዙፉ እንጉዳይ ከእንጨት፥ ከሸራና ከቀለም የተሠሩ ናቸው።

ተጫዋቾችን ማግኘት ሌላ ችግር ነበረ። በዚያ ዘመን የትያትር ሰዎች ሲኒማን የገበያ ድንኳን ጨዋታ አድርገው ይንቁት ነበር። ሜሊየስ ግን በቀን አንድ ሉዊ፥ ማለትም 20 ፍራንክ ወርቅ፥ ይከፍል ነበር፤ ይህም ሌሎች ከሚከፍሉት ይበልጥ ነበር። ቀትር ሲሆንም ተጫዋቾቹ ከሱ ጋር አብረው በነጻ ምሳ ይበሉ ነበር። ሊቃውንት ሆነው የተጫወቱት የሙዚቃ ቤት ዘፋኞች ናቸው። በመንኮራኩሩና በመድፉ ዙሪያ የሚታዩት ልጃገረዶችና በከዋክብት ውስጥ ፊታቸው የሚታየው ሴቶች የሻትሌ ትያትር ዳንሰኞች ናቸው። የጨረቃ ሰዎች ደግሞ ከፎሊ ቤርዤር የመጡ የአክሮባት ተጫዋቾች ነበሩ፤ እንደዚያ እየተገለባበጡ የሚወድቁት ስለዚህ ነው። ጭምብል ለብሶ በመስታወት ጣራ ሥር በበጋ ፀሐይ መገለባበጥ ምን ያህል እንደሚያልብ ለመገመት አያስቸግርም።

በጃንጥላ የተመታው የጨረቃ ሰው ጭስ ሆኖ የሚጠፋው እንዴት ነው? ሊቁ ጃንጥላውን ሲያነሣና ሲመታ ሜሊየስ ትእዛዝ ይሰጣል፤ እጀታውን እያዞረ ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያቆማል፤ ሁሉም በያሉበት እንደ ሐውልት ይደርቃሉ። አክሮባቱ ብቻ ተነሥቶ ይወጣል፤ በቦታው ጭስ ይደረጋል፤ እጀታው እንደገና ይዞራል። በኋላም ፊልሙ በመቀስ ተቈርጦ ሁለቱ ጫፎች በትክክል ይጋጠማሉ። ከመካከላቸው አንዱ እጁን ጥቂት ቢያወርድ በሸራው ላይ እጁ ይዘላልና ምትሐቱ ይፈርሳል። በፊልሙ ውስጥ ይህ የመጣና የሄደ ጭስ ደጋግሞ ይታያል፤ እኛ ስንስቅ አንድ ሰከንድ የሆነው ነገር ለነሱ ብዙ ደቂቃ የትንፋሽ መያዝ ነበር።

ጨረቃይቱስ? ካሜራው ከባድ ስለ ነበረ ወደ ጨረቃ መሄድ አልቻለም። ስለዚህ ሜሊየስ ጨረቃን ወደ ካሜራው አመጣት። ተዳፋት ባለው ሐዲድ ላይ ወንበር አደረገ፤ በወንበሩም ላይ የጨረቃን ፊት የሚጫወተውን ሰው እስከ አንገቱ ድረስ በጥቁር ከፋይ ሸፍኖ አስቀመጠ፤ ከዚያም በመዘውር ወደ ካሜራው አስጎተተው። ጥቁሩ ከፋይ ስለማይታይ ፊቱ ብቻ በሰማይ ላይ እየገዘፈ የመጣ መሰለ። በመጨረሻም ካሜራው ቆመ፤ የመንኮራኩሩ ትንሽ አምሳያ በዓይኑ ላይ ተደረገ፤ ካሜራው ቀጠለ። እኛ በሽቦ ኮከብ መጎተት ያቃተን ሰዎች ይህን ባነበብን ጊዜ ስለ ሳቃችን ጥቂት አፈርን።

ከጨረቃ ወደ ምድር መውደቁ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳል። መንኮራኩሩ የሚወድቅበት ባሕር እውነተኛ ባሕር ነው፤ የተነሣውን ማዕበል ከአምሳያው ጋር በአንድ ፊልም ላይ ደረበው። ከባሕሩ ሥር ያለው ትርኢት ደግሞ ውኃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ ነው፤ በውስጡም አየር በቱቦ እየተነፋ፥ እንደ ዓሣ ሆነው እንዲታዩም የእንቁራሪት ግልገሎች ተለቀውበታል። እነዚህ ፍጥረታት ያለ ደመወዝ ያገለገሉ ብቸኛ ተጫዋቾች ይመስሉናል።

ፊልሙ 30 ትርኢትና 260 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ለዚያ ጊዜ እጅግ ረጅም ነው። ዋጋውም በጥቁርና ነጭ 560፥ በቀለም የተቀባው 1,000 ፍራንክ ስለ ነበረ፥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በድንኳን ፊልም የሚያሳዩት ነጋዴዎች ደነገጡ። ሜሊየስ ለአንዳቸው አንድ ምሽት በነጻ እንዲያሳየው ሰጠው። ሕዝቡ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እየተመላለሰ ድንኳኑን ሞላው፤ ሰውየውም ፊልሙን ሳይገዛ አልሄደም።

በአሜሪካም ፊልሙ ከየትኛውም ሥራው ይልቅ ተወደደ፤ ገንዘቡ ግን ለሜሊየስ አልደረሰውም። የኤዲሰንን ኩባንያ ጨምሮ የአሜሪካ ፊልም ነጋዴዎች ቅጂውን እያባዙ በራሳቸው ስም ሸጡት። ሜሊየስ በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን በኒው ዮርክ ቢሮ አስከፈተው፤ «ስታር ፊልም» የተባለው ኩባንያውን የኮከብ ምልክትም በአንዳንድ ፊልሞቹ የመድረክ ሥዕል ውስጥ ይቀባ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጨረቃው ሸሽቶ ነበር።

የቀረውን ዘመን ባጭሩ እንናገራለን። ከ1896 እስከ 1913 ሜሊየስ ከ500 የሚበልጡ ፊልሞች ሠራ። ሲኒማ ግን ታላቅ ፋብሪካ ሆነ፤ እንደ ፓቴ ያሉ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ብዙ ፊልም ሲያወጡ እሱ ገና ሸራውን በእጁ ይቀባ ነበር። ሕዝቡም ከእውነተኛ መንገድና ሜዳ የሚነሡ ታሪኮችን መውደድ ጀመረ። በ1911 ቤቱንና ስቱዲዮውን መያዣ አድርጎ ከፓቴ ገንዘብ ተቀበለ፤ በ1912 ሰዎችን የሚውጥ የበረዶ ግዙፍ ያለበትን የዋልታ ጉዞ ፊልም ሠራ። አልተሸጠለትም። በ1913 ሚስቱ ኤዥኒ ሞተች፤ ፊልም መሥራቱም በዚያው ዓመት አበቃ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ሁሉ የሌሎች አይደለም፤ ሜሊየስ በ1912 የሠራው በ1902 እንደ ሠራው ነበርና።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1917 የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት ትልቁን የመስታወት ስቱዲዮ ለቁስለኞች ሆስፒታል አደረገው። ከ400 የሚበልጡ የፊልም ቅጂዎቹም ተወስደው ቀለጡ፤ ፊልም በላዩ ብር፥ በታቹ ሴሉሎይድ አለውና። ከሴሉሎይዱም ለጫማ ታኮ ተሠራበት። አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን የለመንነው ነገር ይህ ነው። ከአባቱ የጫማ ፋብሪካ ሸሽቶ የወጣው ሰው፥ በመስታወት ቤት የሠራቸው መላእክትና ሰይጣናት፥ ነገሥታትና የጨረቃ ሰዎች ተመልሰው ጫማ ሆኑ። ይህን ስናነብ በክፍላችን ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

በ1923 የሮቤር ኡደን ትያትር ቤት ለሰፊ መንገድ ሥራ ፈረሰ፤ ሞንትረይም ለዕዳ በፓቴ ተወሰደ። ሜሊየስ በቁጣና በተስፋ መቍረጥ በዚያ ያስቀመጣቸውን ኔጋቲቮች ሁሉ ከልብሱና ከመድረኩ ዕቃ ጋር አቃጠለ። ስለዚህ ነገር በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን የገዛ እጁን ሥራ የማጥፋት መብት አለው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ያ ሥራ ያን ጊዜ የእሱ ብቻ አልነበረም አልን። አልተስማማንም። ከ500 ከሚበልጡት ፊልሞች ዛሬ ያሉት 200 ያህል ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ የተረፉት ከ1903 ጀምሮ ሁለተኛ ኔጋቲቭ ወደ ኒው ዮርክ ይላክ ስለ ነበረ ነው።

በ1925 ዣን ዳልሲን አገባ። እሷ በ1896 ከወንበሩ ላይ ተሰውራ አጽም የተተካባት ሴት ናት። በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ የአሻንጉሊትና የከረሜላ ሱቅ ነበራትና ሜሊየስ በ64 ዓመቱ ከሷ ጋር ባንኮኒ ኋላ ቆመ። ባቡር የሚጠብቁ መንገደኞች ለልጆቻቸው ከረሜላ ሲገዙ መልሱን የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ ማን እንደ ሆነ አያውቁም ነበር። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ በልጅነታቸው በድንኳን ውስጥ ጨረቃውን አይተው ይሆናል።

በመጨረሻ በ1926 አንድ የሲኒማ ጋዜጠኛ በዚያ አገኘው። ፊልሞቹ ይፈለጉ ጀመር፤ ጥቂቶቹም በአንድ የገጠር ርስት በቀድሞ የወተት ቤት ውስጥ ተገኙ። ዲሴምበር 16 ቀን 1929 በፓሪስ በሳል ፕሌየል አዳራሽ ለክብሩ ታላቅ ምሽት ተደረገ። በ1931 የሌዢዮን ዶኖር ኒሻን ሲሸለም ኒሻኑን በደረቱ ላይ ያደረገለት ሉዊ ሉሚየር ነበረ፤ አባቱ መኪናውን አልሸጥም ያለው ያ ሉሚየር። ከ1932 ጀምሮ ሜሊየስ፥ ሚስቱና እናቷ የሞተችባት የልጅ ልጁ ማድሌን በኦርሊ በሚገኘው የሲኒማ ሰዎች መጦሪያ ቤት ኖሩ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1938 በ76 ዓመቱ በካንሰር ሞተ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ። ሰዎች በጨረቃ ላይ የቆሙት ከዚያ 31 ዓመት በኋላ ነው።

በቀለም የተቀባው የጨረቃ ፊልም ግን ፈጽሞ ጠፍቷል ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። ቀለም መቀባቱ የኤሊዛቤት ቱዊዬ ሥራ ነበረ። ይህች ሴት በፓሪስ ከ200 የሚበልጡ ሴቶችን ታሠራ ነበር። ሌሊት ቀለሞቹን ራሷ መርጣ ትሞክራለች፤ ቀን ቀን እያንዳንዷ ሴት አንድ ቀለም ብቻ ይዛ፥ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ ሥዕል ላይ በቀጭን ብሩሽ ትቀባና ለሚቀጥለው ቀለም ለጎረቤቷ ታስተላልፋለች። በፊልሙ ውስጥ 13,375 ሥዕሎች አሉ፤ ለሌላ ደንበኛ ሌላ ቅጂ ሲያስፈልግም እንደገና ከመጀመሪያው ይቀባል።

በ1993 ከነዚህ ቅጂዎች አንዱ በስፔን አገር በባርሴሎና ተገኘ። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበረ። ባለሙያዎች ሥዕሎቹን በብዙ ትዕግሥት አላቀቋቸው፤ እያንዳንዱን በኮምፒዩተር አድሰው በ2010 ጨረሱ፤ በ2011 በካን የፊልም በዓል ለሕዝብ ታየ። እኛም በአዳራሻችን ያየነው ይህንኑ ነው። ቅጂው ለማን እንደ ተሠራ የሚያመለክት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መድፉ በሚተኮስበት ትርኢት ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ የፈረንሳይ አይደለም። ስሟ ያልተመዘገበ አንዲት የፓሪስ ሴት፥ ገዢው ስፔናዊ ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ቀይና ቢጫ አድርጋ ቀብታዋለች።